ከአይከል ወዲህ ሂሳብ የሚሠራ ሰው ጠፋ

ሐምሌ ሲቃረብ መተማ ላይ ነጋዴ ከነጋዴ ሲገናኝ ወሬው አንድ ነው። ዝናቡ ጣለ ወይ፣ ሰሊጡ ተዘራ ወይ ከተባለ በኋላ ድምፅ ዝቅ ይልና «ዘንድሮ ሂሳብ የሚሠራልህ ማን ነው?» ይመጣል። መልሱም ያው ነው፤ «ጎንደር ያለው ልጅ ነዋ፣ ስልክ ካነሣ።» ይህን ጥያቄና ይህን መልስ ስንት ክረምት ሰማነው! እኔ በበኩሌ ሰልችቶኛል። ግብር መክፈል አይደለም የሰለቸኝ። ግብር እንከፍላለን፤ አባቶቻችንም በዚሁ በር ሲነግዱ ለነጋድራሱ ቀረጥ እየከፈሉ ነው የኖሩት። የሰለቸኝ ምን ያህል እንደሚገባን አጠገባችን ቁጭ ብሎ የሚያሰላ፣ ፈቃድ ያለው፣ ነገ ብንፈልገው የምናገኘው ባለሙያ በዚህ ቆላ ማጣታችን ነው።

መተማ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ አፄ ዮሐንስ፣ ወደ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ጦርነት ነው። እዚህ ለምንኖረው ግን መተማ ከሁሉ በፊት ገበያ ናት። ድልድዩን ሲሻገሩ ገላባት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ገዳሪፍ። ወዲህ ኮኪት፣ ገንዳ ውኃ፣ ሽንፋ፤ በቋራ በኩል ገለጎ፤ ወደ አርማጭሆ አብርሃ ጅራና አብደራፊ። ሰሊጡ፣ ጥጡ፣ ማሽላው፣ ዕጣኑና ሙጫው፣ የቁም ከብቱ ሁሉ በእነዚህ ከተሞች ያልፋል። በመኸር ጊዜ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ በራፍ ላይ በአንድ ጠዋት የሚቆጠረውን ብር ደጋ ላይ ያለ ደህና ሱቅ በወር ላያየው ይችላል። ይህ ሁሉ ብር የሚጻፈው ጠርዙ በላብ በራሰ ደብተር ላይ ነው። የገበሬው ስም፣ የኩንታሉ ቁጥር፣ የአራሚው ሒሳብ፣ የመኪና ኪራዩ፣ የስኳርና የዘይት ዱቤው በአንድ ገጽ ተደባልቆ ይገኛል። የጻፈው ሰው ያውቀዋል። ግብር የሚወስነው ባለሙያ ግን አያነበውም፤ እንዲያነበውም የሚያስገድደው ሕግ የለም።

ሕጉ የሚያውቀው ሌላ ዓይነት ነጋዴ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በሦስት ደረጃ ከፍሎን ነበር። ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ግለሰብና ድርጅት የሆነ ሁሉ ደረጃ «ሀ»፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ያለው ደረጃ «ለ»፣ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ «ሐ»። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ ሦስቱን ወደ ሁለት ጠቅልሎ ወሰኑን 2 ሚሊዮን ብር ላይ አቆመው። የክልሎች ሕግም የፌዴራሉን ፈለግ ተከትሎ ነው የሚመጣው። ደረጃ «ሀ» ውስጥ የገባ ሰው ሙሉ የሂሳብ መዝገብ ይይዛል፤ የሀብትና ዕዳ መግለጫ፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ያቀርባል።

2 ሚሊዮን ብር ሲሰሙት ትልቅ ገንዘብ ነው። ሰሊጥ ሰብስቦ ለሚሸጥ ሰው ግን ትልቅ አይደለም። ኩንታሉ 10 ሺህ ብር ቢሆን 200 ኩንታል ነው፤ የጥቂት አይሱዙ ጭነት። ከእያንዳንዱ ኩንታል የሚተርፈው ከገዛበትና ከሸጠበት መካከል ያለው ጠባብ ልዩነት ነው፤ ዋጋው በሳምንት ውስጥ ከወረደ እሱም አይተርፍም። ብሩ በእጃችን ያልፋል እንጂ አይቀርም። ደረጃ የሚወጣልን ግን ባለፈው ብር ልክ ነው። ጠረጴዛ ከነወንበሩ እንኳ የሌለው ሰብሳቢ ከትልቅ አስመጪ ጋር አንድ ዓይነት መዝገብ ያዝ ይባላል። አስመጪው ደመወዝ የሚከፍላቸው የሂሳብ ሠራተኞች አሉት። የእኛን መዝገብ ማን ይያዘው?

ቀኑስ? የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በ979ኙ አዋጅ ደረጃ «ሐ» ሐምሌን፣ ደረጃ «ለ» እስከ ነሐሴ 30፣ ደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ ተሰጥቶት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ለሚያየው አራት ወር ረጅም ጊዜ ነው። በቆላው ግን ሐምሌና ነሐሴ የአረም ወራት ናቸው። ዝናቡ ዋልካውን ያጨቀየዋል፤ ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ ይቆረጣል፤ አራሚው ግን በየሳምንቱ ብሩን ይፈልጋል። መስከረም ሲገባደድ ሰሊጡ ይደርሳል። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም። ደርሶ ጥቂት ቀን ከዘገየ ቀፎው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ጥቅምት ማለት በዚህ አገር ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ያለበት፣ ገዢው ብር ተሸክሞ ከመንደር መንደር የሚዞርበት ወር ነው። በዚያው ወር ደግሞ ጎንደር ያለው ባለሙያ «ወረቀትህን ይዘህ ና» ይላል። ስንደርስ ቢሮው እዚያው ጎንደር ባሉ ደንበኞች ተሞልቷል። ከሩቅ የመጣ ሰው ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ የደከምንበት ሂሳብ በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት፣ በሩጫ፣ የሠራውም ሰው ሳያምንበት ይዘጋል።

ካለፈስ? በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ዘግይቶ ያስታወቀ ሰው ካልተከፈለው ግብር ላይ 5 በመቶ፣ እያደገም እስከ 25 በመቶ ቅጣት ይጠብቀዋል። ወለዱ ሌላ ነው። የንግድ ፈቃድ እስከ ታኅሣሥ 30 ካልታደሰ ደግሞ እንደገና ቅጣት አለ፤ ለማደስም መጀመሪያ የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋል። አንዱ ወረቀት ሌላውን ይጠራል፤ የመጀመሪያውን የሚያስይዘን ሰው ከጠፋ የቀሩት ሁሉ ይቆማሉ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የደረሰኙ ጉዳይ ነው። ሰሊጡን ስንሸጥ ወረቀቱ ሙሉ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲያልፍ መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ የመጋዘን ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ክፍያው በባንክ ይገባል። አንዲት ኪሎ ከመንግሥት ዓይን አትሰወርም፤ ይህ ደግሞ ጥሩ ነው፤ አልቃወመውም። ስንገዛ ግን የምንገዛው ከገበሬ ነው። ገበሬው ደረሰኝ የለውም፤ ቲን የለውም፤ ብሩን ቆጥሮ አህያውን ነድቶ ይሄዳል። ለአረምና ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች በጥሬ ብር ይከፈላቸዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ እርሻ ላይ ናቸው። ጫኝና አውራጁም፣ የጆንያ ሰፊውም፣ የጋሪ ባለቤቱም እንዲሁ። ስለዚህ ሽያጫችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፤ ወጪያችን ግን አይታይም። ወጪው ያልታየ ሽያጭ ደግሞ ከቢሮ ሆኖ ለሚያየው ሁሉም ትርፍ ይመስላል።

ይህን ማስተካከል ይቻል ነበር። ከገበሬ ለሚገዛ ሰው የግዢ ቫውቸር የሚባል ነገር አለ፤ ከግብር መሥሪያ ቤቱ አስፈቅዶ መያዝ፣ የሻጩን ስምና ቀበሌ፣ መጠኑንና ዋጋውን ጽፎ ማስፈረም። ለቀን ሠራተኛም የክፍያ ዝርዝር አዘጋጅቶ፣ የመታወቂያ ቁጥር ጽፎ፣ አውራ ጣት ማስነካት። ከባድ ሥራ አይደለም። ግን ይህን የሚነግረን ሰው የሚያስፈልገን በመስከረም፣ ብሩ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ነው። እኛ የምንሰማው በዓመቱ ሐምሌ፣ «የግዢ ማስረጃህ የታለ?» ስንባል ነው። ያን ጊዜ ገበሬው ብሩን ልጁን ድሮበት፣ በሬ ገዝቶበት፣ ሌላ ዘር ዘርቷል። ወደ ኋላ ተመልሶ ማን ያስፈርመዋል?

ያለንን ደረሰኝ እንኳ ሙቀቱ ይበላብናል። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ወረቀት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በካርቶን የተቀመጠው ደረሰኝ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሰኔ ላይ ካርቶኑን ስንከፍት የምናገኘው ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። አንዲት ነዳጅና ዘይት የምትነግድ ጎረቤቴ ያመጣችው እንደዚህ ያለ ወረቀት «ማስረጃ አይሆንም» ተብሎባት ስታለቅስ አይቻለሁ። ደረሰኝ በተቆረጠ ሰሞን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማስቀመጥ ነው መድኃኒቱ። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በወር አንድ ጊዜ ሱቅ ገብቶ ካርቶኑን የሚያይ ባለሙያ ነው።

ክፍተቱን የሚሞሉት እነማን ናቸው? ከኮሌጅ በዲፕሎማ የወጣ፣ ሥራ ያላገኘ የጎረቤት ልጅ አለ። ቅን ነው፤ የተማረውን ይሠራል፤ ግን የቫት ማሳወቂያ ሞልቶ አያውቅም፤ አዋጅ ሲሻሻልም የሚነግረው የለም። ማመልከቻ ጸሐፊ አለ፤ ቅጹን በጥሩ ጽሕፈት ይሞላልናል፤ የሞላው ቁጥር ከየት እንደመጣ ግን አይጠየቅም። ቀን የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ማታ ማታ የነጋዴ ሂሳብ የሚሠራም አለ። እሱ ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ። ብቁ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሂሳብ ሠሪና ሂሳብ መርማሪ ትከሻ ለትከሻ በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ፣ ነገ ጠብ ቢነሣ መሐል ላይ የሚቀረው ነጋዴው ነው። ሕጉ ለሌላ ሰው ሂሳብ ይዞ ግብር ቢሮ የሚቆም የታክስ ወኪል ፈቃድ ሊኖረው ይገባል ይላል። ፈቃድ ያለውን አሳዩን ስንል ጣት ሁሉ ወደ ጎንደር፣ አንዳንዴም ወደ ባሕር ዳር፣ ይብስ ሲል ወደ አዲስ አበባ ይቀሰራል።

ጎንደር ያለው ደግሞ አንድ ራሱን ለብዙ ደንበኛ ከፍሏል። ስሙን አልጠራም፤ ከክፋት አይደለም፤ አቅም ነው። አንድ ጓደኛችን የተሠራለትን የዓመት ሂሳብ ተቀብሎ ሲያነብ፣ በገለጻው ውስጥ የሌላ ሰው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ስም ተጽፎ አገኘ። እሱ ማሽላ ነው የሚነግደው። ያምናው ሂሳብ ላይ ትንሽ ጨምሮ ለዘንድሮ የሚሰጥም አለ። ሱቁን አይቶት አያውቅም፤ መጋዘኑን አልቆጠረም፤ ባለቤቱን በስልክ እንጂ በአካል አያውቀውም። የፈረመው ግን ባለቤቱ ነው። ነገ ምርመራ ሲመጣ «የቆጠርከውን ዕቃ አሳይ» የሚባለውም ባለቤቱ ነው። የሚያዝያ ወር ቫት ማሳወቂያ ሲደርስ አንድ ባለሱቅ ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ሲደውል ውሎ ቀኑ ካለፈ በኋላ «ጋሼ፣ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ቅጣቷን ክፈላት» ተባለ። ሰው ለቅሶ ይደርሳል፤ ተገቢ ነው። ግን በምትኩ የሚሄድበት ሁለተኛ ሰው አልነበረም። ነገሩን የሚያከብደው ይህ ነው።

መንገዱን አንሥቼ ባልጨርሰውም ማለፍ አልችልም። ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አድርጎ መተማ ዮሐንስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በደኅና ቀን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ደኅና ቀን ግን ተወድዷል። በ2011 ዓ.ም. በጭልጋ በኩል በነበረው ግጭት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከረመ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለውን ጦርነት ሁሉም ያውቀዋል። የዓመት ደረሰኙን በፌስታል ቋጥሮ በሹፌር የሚልክ ነጋዴ መኪናው በሰላም ገባ ወይ እያለ ያድራል፤ የሚልከው ወረቀት ከጠፋ የሚተካ አይደለምና። «በኢንተርኔት ላኩልኝ» ይለናል ባለሙያው። ያ ጦርነት በተነሣ ሰሞን በክልሉ ብዙ ቦታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለአንድ ዓመት ያህል ቆይቷል። በዚያ ዓመትም የበጀት ዓመት ተዘግቷል፤ በዚያ ዓመትም ማሳወቂያ ተጠይቋል።

የሱዳኑ ጦርነትም ሌላ ሂሳብ ይዞብን መጥቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ሲጀመር፣ ገላባትና ገዳሪፍ ላይ በዱቤ ዕቃ የሰጡ ነጋዴዎች እዚህ ነበሩ። ተበዳሪው ሱቁን ጥሎ ሸሸ፤ የት እንዳለ አይታወቅም። ዕቃው እዚህ በሽያጭ ተመዝግቧል፤ ብሩ ግን አልገባም። ሕጉ የማይሰበሰብ ዕዳ ከገቢ ላይ እንዲቀነስ ይፈቅዳል፤ ዕዳው ቀድሞ በገቢነት ከተያዘ፣ ከመዝገብ ከተሠረዘና ለማስመለስ ሕጋዊ እርምጃ ተወስዶ አልሆን ካለ። በየትኛው ፍርድ ቤት ነው የምንከሰው? ገዳሪፍ ሄደን? ይህን የሚመስል ጉዳይ በጽሑፍ አደራጅቶ፣ ከሕጉ ጋር አገናኝቶ፣ ለግብር መሥሪያ ቤቱ በአግባቡ የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ምናልባት አንድ መንገድ ይገኝ ነበር። ባለመኖሩ ያላገኘነውን ብር እንዳገኘነው ተቆጥሮ ግብር ከፍለንበታል።

ኪሳራም እንደዚያው። ሰሊጥ ዓመት ይመርጣል፤ አንድ ዓመት ዝናብ ይበዛበታል፤ አንድ ዓመት ዋጋው ይወድቃል። ሕጉ የአንድ ዓመት ኪሳራ ወደሚቀጥሉት ዓመታት ተሸጋግሮ ከትርፍ ላይ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ነገር ግን ኪሳራውን የሚያሳየው ሂሳብ በኦዲተር የተመረመረና በባለሥልጣኑ ተቀባይነት ያለው መሆን አለበት። ኦዲተር ከሌለበት አገር ኪሳራ ወረቀት ላይ አይወጣም። ስለዚህ በከሰርንበት ዓመት ዝም እንላለን፤ ባተረፍንበት ዓመት ሙሉውን እንከፍላለን። ባንክ ሄደን ለሚቀጥለው መኸር መግዣ ብድር ስንጠይቅም የሚባለው ያው ነው፤ «በኦዲተር የተመረመረ ሂሳብ አምጣ።» ያን ጊዜ ፊታችንን ወደ አራጣ አበዳሪ ማዞር ይመጣል። ከአራጣ የሚወስደው ሰው ከሰሊጡ ላይ የሚተርፈውን ጠባብ ልዩነት አስቀድሞ ሸጧል።

ግምትም አለ። ሂሳቡ ተቀባይነት ያጣ ነጋዴ በግምት ይወሰንበታል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ምን እንዳስነሣ፣ ስንት ሱቅ እንደዘጋ የሚረሳ የለም። ግምት በተሰጠው ሰው ልብ ውስጥ የሚቀረው ከገንዘቡ ይልቅ አልተሰማሁም የሚለው ቅሬታ ነው። ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ በፌዴራሉ አዋጅ ውሳኔው በደረሰን በ21 ቀን ውስጥ። ጉዳዩ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ሲሄድ ደግሞ ከሚያከራክረው ግብር ግማሹን ማስያዝ ያስፈልጋል። 21 ቀን! ደብዳቤውን የሚያነብልን፣ የቱ ቁጥር እንደተሳሳተ የሚያሳየን ሰው ጎንደር ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ ስልኩ አይሠራም። ቀኑ ያልቃል፤ ግምቱ ይጸናል።

ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች በአገሪቱ ጨርሶ የሉም እንዳይባል አሉ። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 በ2006 ዓ.ም. ወጥቶ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል፤ ለሂሳብ ባለሙያና ለኦዲተር ፈቃድ የሚሰጠው፣ ሥራቸውንም የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ የተሰበሰቡት አዲስ አበባ ነው። አልፈርድባቸውም፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች፣ ባንኮቹ፣ አስመጪዎቹ እዚያ ናቸው። አንድ ኦዲተር ለትንሽ የገንዳ ውኃ ሰብሳቢ ብሎ አውሮፕላን ተሳፍሮ ጎንደር፣ ከዚያም በመኪና ቆላ አይወርድም፤ ቢወርድም የሚጠይቀው ዋጋ የእኛን ትርፍ ይጨርሰዋል። የሚያሳዝነኝ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ በአካውንቲንግ የሚያስመርቃቸው ልጆች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የመተማና የቋራ ልጆች አሉ። ተመርቀው ሲመጡ ባንክ ቅርንጫፍ ቆጣሪ ይሆናሉ፤ ወይ ዓመት ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ፈቃድ ለማግኘት ልምድ ይጠየቃሉ፤ ልምድ የሚሰጣቸው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ደግሞ እዚህ የለም። ሥራው አለ፤ ሠራተኛው አለ፤ የሚያገናኛቸው ሰው ጠፋ።

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወንድሜ ታክሲ ይነዳል፤ ሚስቱ ትንሽ የእንጀራ መሸጫ አላት። ግብር ማሳወቂያ ሲደርስ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካሉት የሐበሻ የሂሳብ ቢሮዎች አንዱ ጋ ይሄዳሉ። ባለሙያው በአማርኛ ያናግራቸዋል፤ ቡና ይጠጣሉ፤ የቤንዚን ደረሰኝ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የቱ ወጪ እንደሚያዝ ያስረዳቸዋል። «አንተ እዚያ እንዴት ነው የምትሠራው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሱ ያሳፍረኛል። ከአገሩ የወጣው በቋንቋው የሚያስረዳው ሂሳብ አዋቂ በመንደሩ አለው፤ እዚሁ አገሬ ላይ ያለሁት እኔ ግን የለኝም።

ታዲያ ምን ይሁን? የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት መተማ ላይ ቅርንጫፍ ይክፈት አላልንም። ሂሳብ የሚዘጋበት ወቅት ከመድረሱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ፣ አንድ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ገንዳ ውኃ መጥቶ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ ካርቶናችንን ይይ፤ መጋዘናችንን ይቁጠር። መስከረም መግቢያ ላይ አንድ ሳምንት ይመለስና የግዢ ቫውቸርና የክፍያ ዝርዝር እንዴት እንደሚያዝ ለገዢው ሁሉ ያሳይ። በሥሩ ሦስት አራት የእኛን ልጆች ያሠልጥን፤ ልምዱን ይጻፍላቸው፤ ከጊዜ በኋላ ፈቃዱን ራሳቸው ይውሰዱት። ዞኑም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ የንግድ ምክር ቤቶቹም ይህን ማቀናጀት ይችላሉ። ግብር ሰብሳቢውም ይጠቀማል፤ ወጪው በወረቀት የታየ ነጋዴ ገቢውን የሚደብቅበት ምክንያት ያጣል።

ክፍያውን እኛ እናዋጣለን። ገንዳ ውኃ ላይ ቤት እንከራያለን፤ ማራገቢያ እንገጥማለን፤ አጎበር እንሰቅላለን፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን አይከል ድረስ ሄደን እንቀበላለን። ሐምሌ ሳይገባ ይምጣ ብቻ።